ቋንቋ ያሰረው ፈላስፋ የለም

ጅቡቲ ከተማ፣ ዋራበሌ ሠፈር ውስጥ፣ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ሱቅ አለች። ባለቤቷ ሶማሌ ናት። ማታ ሙቀቱ ጋብ ሲል ደጃፏ ላይ ባለችው አግዳሚ መቀመጥ ልማዴ ነው። አንድ ምሽት፣ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሦስት ሰዎች አንድ ጥያቄ ሲጠይቋት ሰማሁ። የመጀመሪያው ከአገር ቤት የገባ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ «ስኳር አለ?» አላት። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ቦርሳውን ገና ከጀርባው ያላወረደ ልጅ ነው፤ በፈረንሳይኛ «ኢ ሊ ያ ዱ ሱክር?» አለ። ሦስተኛው ቻይናዊ ነው፤ «ዮው ታንግ ማ?» ብሎ በአገጩ መደርደሪያውን ጠቆመ። ለሦስቱም የመለሰችው አንድ የሶማልኛ ቃል ነው፤ «ማያ»፣ የለም። ስኳሩ ቀን ላይ አልቋል።

እኔን ያስደነቀኝ ጥያቄው ነው። ፈረንሳይኛው ቃል በቃል ቢፈታ «እዚያ ስኳር ይዟል ወይ?» እንደማለት ነው፤ መያዝን ከሚናገረው ግሥ የመጣ ነውና። የቻይናዊው «ዮው» ደግሞ «አለው» ማለትም «አለ» ማለትም ነው። የእኛው «አለ» ትንሽ ቅጥያ ሲለጠፍበት «አለኝ»፣ «አለሽ»፣ «አላቸው» ይሆናል። በዘር የማይገናኙ ሦስት ቋንቋዎች፣ አንዱ ከአውሮፓ፣ አንዱ ከእስያ፣ አንዱ ከእኛ ደጋ፣ መኖርንና መያዝን በአንድ ገመድ አስረው አንዲት ቆርቆሮ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተገናኙ። የጠያቂዎቹ ፍላጎትም አንድ ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ፍልስፍና የተማረ አንድ ወዳጄ ለሥራ ጅቡቲ መጣ። እሱን ይዤ የሠፈራችን ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ድሬዳዋ በድሮው ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ፈረንሳይኛን ከሐዲድ ጋር የተማሩ ሰው ናቸው። ሻይ ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ ወዳጄ ዛሬ በብዙ የፍልስፍና ክፍል እንደ ውዳሴ ማርያም የሚደገመውን ነገር ደገመልን። «የምዕራቡንና የቻይናውን የዳኦ ፍልስፍና ማነጻጸር አይቻልም» አለ። «ግሪኮች 'መሆን' የሚል ግሥ ነበራቸው፤ ስለዚህ 'ያለው ነገር ምንድን ነው?' ብለው ጠየቁ። የጥንት ቻይኖች ግሡ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ 'መንገዱ ወዴት ነው?' አሉ። ዳኦ የሚለው ቃል ራሱ አይተረጎምም። ሐሳቡን የወለደው ቋንቋው ነው፤ በቋንቋው ያልተወለደ ሰው ሐሳቡን አያገኘውም።»

ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ አንተ ታዲያ ይህን ሁሉ በማን ቋንቋ አወቅኸው?» አሉት።

ወዳጄ ሳቀ። መልስ ግን አልሰጠም። እኔ በጋሼ ወገን ቆሜ ጥያቄያቸውን ወደ ክርክር ልመንዝረው ነው። የምለው አጭር ነው፤ በምዕራቡና በዳኦው ፍልስፍና መካከል ያለውን ልዩነት ቋንቋ አልፈጠረውም። ፈጥሮታል የሚለው አስተያየት ምሁራዊ ልብስ ይልበስ እንጂ ሰውን ከማዳመጥ የሚያሳርፍ ስንፍና ነው። እኛን ኢትዮጵያውያንን ደግሞ በተለይ ይጎዳናል።

አስተያየቱ የአንድ ወዳጄ ፈጠራ እንዳልሆነ መመስከር አለብኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ትሬንደለንበርግ የአርስቶትል አሥር መደቦች ከግሪክኛ ሰዋስው የተቀዱ ናቸው አለ። በ1958 ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ኤሚል ቤንቬኒስት ይህንኑ አጠናክሮ፣ ግሪክኛው በአንድ ግሥ የሚለውን የምዕራብ አፍሪካው ኤዌ በአምስት ግሦች እንደሚለው አሳየ። በዓመቱ ብሪታንያዊው አንገስ ግራሃም የምዕራቡን «ህላዌ» (መሆንን) ከቻይንኛ ቃላት ጋር አስተያየ። በ1981 አልፍሬድ ብሉም ቻይንኛ «እንዲህ ሆኖ ቢሆን ኖሮ» የሚል ቅርጽ ስለሌለው ተናጋሪዎቹ ባልሆነ ነገር ላይ ለማሰብ ይከብዳቸዋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በ1983 ቻድ ሃንሰን የቻይንኛ ስሞች እንደ ውኃና እንደ አሸዋ ያሉ የማይቆጠሩ ስለሚመስሉ የጥንቶቹ አሳቢዎች ዓለምን በነጠላ ነገሮች አልከፈሉትም አለ። ግራሃም የጥንቱን የዳኦ አሳቢ ዧንግዚን በግሩም ሁኔታ የተረጎመ ጠንቃቃ ሰው ነው። የእሱ ጥንቃቄ ግን ወደ መማሪያ ክፍል ሲወርድ መፈክር ሆነ፤ «እነሱ 'መሆን' የላቸውም»።

መፈክሩን በራሳችን ሚዛን እንመዝነው። ለግሪክኛው «ኤይናይ» (መሆን) አማርኛ አንድ አቻ የለውም። ሦስት አለው። ምንነትን ስንናገር «ነው» እንላለን፤ መኖርን ስንናገር «አለ»፤ መለወጥን ስንናገር «ሆነ»። «ቤት ነው» እና «ቤት አለ» ለማንም አማርኛ ተናጋሪ ሰማይና ምድር ናቸው። እንግዲህ ቋንቋ ሐሳብን የሚወስን ከሆነ እኛ መኖርን ከምንነት በፍጹም አናምታታም ማለት ነው። እሺ። አሁን ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ወደ ትናንት መልሷቸው። «ቤት ነው» «ቤት ነበር» ይሆናል። «ቤት አለ»ም «ቤት ነበር» ይሆናል! ሁለቱ ግሦች ኃላፊ ጊዜ ላይ ሲደርሱ አንድ ይሆናሉ። ወደ ነገ ስንሻገር ደግሞ «ይሆናል» እና «ይኖራል» ብለን እንደገና እንለያቸዋለን። በመፈክሩ መሠረት አማርኛ ተናጋሪ ዛሬ ላይ ሲያስብ ጠንቃቃ ነው፤ ትናንትን ሲያስብ ይምታታበታል፤ ነገን ሲያስብ ልቡ ይመለስለታል። እንዲህ ያለ ሕዝብ የትም የለም። ገበሬው «እዚህ ዋርካ ነበር» ሲል ዋርካ እንደነበረ እንጂ ቦታው ራሱ ዋርካ እንዳልነበረ ልጁም ይገባዋል።

ካንት ያደረገውንም አስቡ። በ1781 ባሳተመው ትልቁ መጽሐፉ የእግዚአብሔርን መኖር ከፍጹምነቱ ሐሳብ ብቻ ማረጋገጥ ይቻላል የሚለውን አሮጌ ማስረጃ ሲያፈርስ የተመረኮዘው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ መኖር እንደ ቸርነትና እንደ ብርታት ያለ ባሕርይ አይደለም። ምሳሌው ገንዘብ ነበር። በሐሳብ ያለ መቶ ብርና በኪስ ያለ መቶ ብር በቁጥር አይበላለጡም፤ የሚለየው የኪሱ መኖሩ ነው። ይህ ልዩነት በአማርኛ ፊት ለፊት የተሰጣ ነው፤ «መቶ ነው» ሌላ፣ «መቶ አለ» ሌላ። በካንት ጀርመንኛ ግን ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ግሥ አለ። ግሡ አንድ የሆነበት ሰው ልዩነቱን በላቡ አገኘው። ሰዋስው በነጻ የሰጠን እኛ ደግሞ ለዘመናት «ነው» እና «አለ» እያልን ስንኖር ከዚያ ማስረጃ ጋር ግብግብ አልገጠምንም። ቋንቋ ለካንት አልከለከለውም፤ ለእኛም አልሠራልንም።

ሁለተኛው ሚዛን ከዚህ ይቀላል። ፓርሜኒደስና ሄራክሊተስ ሁለቱም ግሪክኛ ተናጋሪዎች ናቸው። አንዱ ያለው ነገር አይንቀሳቀስም፣ አይወለድም፣ አይጠፋም አለ። ሌላው ሁሉ እንደ ወንዝ ይፈስሳል አለ። ግሡ አንድ፣ ሰዋስው አንድ፣ ድምዳሜው ግን ዋልታና ዋልታ። የወዳጄ ሕግ ትክክል ከሆነ አንዳቸው ግሪክኛ አይችልም ነበር ልንል ነው። ወደ ቻይና ብንሄድም እንዲሁ ነው። ኮንፊሽየስ ሥርዓትንና ቤተሰብን ያስቀድማል። ሞዚ ለሁሉም እኩል መቆርቆርን ያስተምራል፤ ተከታዮቹም ስለ ስምና ስለ ማስረጃ እውነተኛ የሎጂክ ጽሑፍ ትተዋል። ሃን ፌይዚ ሰውን የሚገራው ሕግና ቅጣት ነው ይላል። ዧንግዚ በሁሉም ይስቃል። ጎንግሱን ሎንግ የሚባለው ደግሞ ነጭ ፈረስ ፈረስ እንዳልሆነ ተከራክሮ ስሙን አስጠራ። አንድ ቋንቋ ይህን ሁሉ ጠብ በሆዱ ከያዘ፣ ወላጁ ማን ይሁን ማን፣ ቋንቋው አይደለም።

የዧንግዚ መጽሐፍ ውስጥ ያለችውን የወንዝ ድልድይ ጨዋታ ላስታውስ። ዧንግዚና ወዳጁ ሁዪ ሺ ድልድይ ላይ ሲንሸራሸሩ ዧንግዚ ከሥር የሚዋኙት ዓሣዎች ደስ እንዳላቸው ይናገራል። ሁዪ ሺ፣ ዓሣ ሳይሆን ደስታቸውን እንዴት እንዳወቀ ይጠይቀዋል። ዧንግዚም፣ ሁዪ ሺ እሱን ሳይሆን ይህን አለማወቁን እንዴት እንዳወቀበት መልሶ ይጠይቀዋል። ክርክሩ ከዚህ በኋላም ይቀጥላል። እኔ በአማርኛ ሳወራው ያልገባው አድማጭ አላጋጠመኝም፤ ጋሼ ሲሰሙት «ይህማ የእኛው ችሎት ነው» ብለው ሳቁ። የሌላውን ልብ እንዴት እናውቃለን የሚለው ጥያቄ የምዕራብ ፈላስፎችም ዕለታዊ እንጀራ ነው። ለማነጻጸር የጎደለን ግሥ የቱ ነው?

«ቻይና ሩቅ ነው» የሚል ካለ ባሕሩን ተሻግሮ ዓረብኛን ይመልከት። ከዚህ ከተማ ሁለት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ሌላው ፈረንሳይኛ። ዓረብኛ በአሁን ጊዜ «ነው»ን የሚተካ ግሥ የለውም፤ «ዘይድ ሐኪም» ብሎ ያልፋል። በ10ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ውስጥ አቡ ቢሽር ማታ የተባለው የሎጂክ ሊቅና አስ-ሲራፊ የተባለው የሰዋስው ሊቅ በባለ ሥልጣን ፊት ተከራከሩ። ሲራፊ ያነሳው ነጥብ ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚነገረን ያው ነው፤ ሎጂክን አንድ ግሪክ በግሪኮች ቋንቋ ላይ ያቆመው ስለሆነ ቱርኩ፣ ህንዱ፣ ፋርሱና ዓረቡ ለምን ይገዙለት? ታዳሚው ለሲራፊ አጨበጨበ። የማታ ዘመነኛ የነበረውና በ950 የሞተው አል-ፋራቢ ግን ጭብጨባውን ትቶ ሥራውን ሠራ። ስለ ፊደላት በጻፈው መጽሐፍ የግሪክኛው ግሥ በዓረብኛ በምን እንደሚተካ መረመረ፤ «እሱ» የሚለውን ተውላጠ ስምና «የተገኘ» የሚለውን ቃል አመዛዘነ። ከእሱ በኋላ የመጣውና በ1037 የሞተው ኢብን ሲና «የአንድ ነገር ምንነት ሌላ፣ መኖሩ ሌላ» የሚለውን ልዩነት በዚያው «ነው» በሌለው ቋንቋ አጸናው። ቶማስ አኵዊናስ ይህን ልዩነት ተቀብሎ በላቲን አስፋፋው። የምዕራቡ የህላዌ ትምህርት ትልቁ ምሰሶ የመጣው ግሡ ከሌለው ቤት ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ «ግሡ ስላልነበራቸው አላሰቡትም» የሚል ሰው ምን ይባላል?

ብሉም በቻይንኛ ተናጋሪዎች ላይ ያደረገው ሙከራም ብዙ አልቆየም። በ1983 ቴሪ አው የጥያቄዎቹ ቻይንኛ ራሱ የተወላገደ መሆኑን አሳየች። በጠራ ቻይንኛ ተጽፈው ሲጠየቁ ልዩነቱ ጠፋ። የታመመው የተርጓሚው ብዕር ሆኖ ሳለ በሽታው ለአንድ ሕዝብ አእምሮ ተጽፎ ነበር።

አሁን «ዳኦ አይተረጎምም» ወደሚለው እንምጣ። በ647 የቻይናው የታንግ ንጉሥ ታይዞንግ የዳኦው ሊቅ የላኦዚ መጽሐፍ ለአንድ የህንድ ንጉሥ እንዲላክ ወደ ሳንስክሪት እንዲተረጎም አዘዘ። ሥራው የተሰጠው ከህንድ ለተመለሰው የቡድሃ መነኩሴ ለሽዋንዛንግ ነው፤ የዳኦ ሊቃውንትም አብረውት ተቀመጡ። በቁልፉ ቃል ላይ ተጣሉ። የዳኦዎቹ ወገን ዳኦ «ቦዲ»፣ ማለትም መንቃት፣ ተብሎ እንዲተረጎም ፈለገ፤ የተከበረ ቃል ነዋ! ሽዋንዛንግ እምቢ አለ። ቦዲ ሌላ ነገር ነው፤ ዳኦ መንገድ ነው፤ ስለዚህ «ማርጋ» ተብሎ ይጻፍ አለ። ይህ ጠብ በደንብ ይታይ። ማንም «አይተረጎምም» ብሎ እጁን አልሰጠም። የተከራከሩት የትኛው ቃል ትክክል እንደሆነ ነው፤ ያ ደግሞ ምክንያት የሚቀርብበት፣ ሰው የሚረታበት ክርክር ነው። የማይተረጎም ነገር ላይ ተሳሳትህ መባባል አይቻልም።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍም አንድ ትምህርት ይሰጣል። ብዙ ተንታኝ «ዘላለማዊ» ተብሎ የሚተረጎመውን ቃል ይዞ ጥልቅ ትንታኔ ሲያወርድበት ኖሯል። በ1973 ቻንግሻ አጠገብ ማዋንግዱዪ በተባለ ቦታ ከተከፈተ መቃብር በሐር ላይ የተጻፉ ሁለት ጥንታዊ ቅጂዎች ተገኙ። በእነሱ ውስጥ ቃሉ «ቻንግ» አይደለም፤ «ሄንግ» ነው። ሄንግ የአንድ የሃን ንጉሠ ነገሥት የግል ስም ስለነበር፣ የንጉሥ ስም መጥራት ነውር ስለሆነ፣ ጸሐፊዎች በተቀራራቢ ቃል እንደተኩት ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ቃሉን የመረጠው የቻይንኛ ነፍስ አልነበረም፤ የቤተ መንግሥት ፍርሃት ነበር። ሐሳቡ ግን ቃሉ ተለውጦም አልፈረሰም።

ጀርመናዊው ሃይደገር ቋንቋ የህላዌ ቤት ነው ብሎ፣ አውሮፓዊውና የሩቅ ምሥራቁ ሰው ምናልባት በተለያየ ቤት እንደሚኖሩ የተጠራጠረ ሰው ነበር። ይኸው ሰው በ1946 ከአንድ ቻይናዊ ምሁር ጋር ተቀምጦ ላኦዚን ወደ ጀርመንኛ ለመተርጎም ሞከረ። ቻይንኛ አይችልም ነበር። ሥራው አላለቀም፤ ግን ጎረቤቱን በሩን አንኳክቶ ጠይቆታል። ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ ያ ማንኳኳት ይበልጥብኛል።

ከቃል ሥር ሐሳብን የሚቆፍር ሁሉ ወደ እኛ ሠፈር ይምጣ። በሶማልኛ «ዋራቤ» ጅብ ነው። ዋራበሌ ሲባል ሶማሌው ጆሮ ውስጥ ጅቡ አለ። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ገና «ጅቡቲ» ሲባል ጅብ ይሰማዋል። በቃል ሥር ሕግ ሁለታችንም ሌሊት ሌሊት ልንፈራ በተገባ። የዋራበሌ ሰው የሚያስበው ግን ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ውኃና ስለ ሙቀት ነው።

ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን አልነፍግም። ቋንቋ ምንም አያደርግም አላልኩም። ጉዳት ያደርሳል፤ የቀመስኩት ነኝ። ጅቡቲ በገባሁ ሰሞን ለአንድ ጉዳይ ቢሮ ስጠይቅ ጸሐፊዋ በፈረንሳይኛ ለነገ «ዩይት ኧር» ብላ ቀጠረችኝ። ስምንት ሰዓት። እኔም በአገሬ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ላቤን እየጠረግሁ ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል፤ ከተማው ምሳውን በልቶ ተኝቷል። እሷ ያለችኝ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሳስቼ ቀጠሮዬን አጣሁ። ነገር ግን እሷና እኔ ሁለት ፀሐይ አለን የሚል ሰው የለም። ቆጠራችን የሚጀምረው ከተለያየ ቦታ ነው፤ ስድስት ደምሮ ወይም ቀንሶ መገናኘት ይቻላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጠሮ አምልጦኝ አያውቅም። ቋንቋ ያሳስታል፤ ስህተቱ ግን የሚታወቅና የሚታረም ስህተት ነው። የሚታረም ስህተት ደግሞ የእስር ቤት ግድግዳ አይባልም።

ዳኦም እንዲሁ ነው። በቻይንኛ ቃሉ መንገድ ማለት ነው፤ መናገርም ማለት ነው። የላኦዚ መክፈቻ በዚህ ድርብ ፍቺ ይጫወታል፤ ሊነገር በሚችለውና በሚኬድበት መካከል። «መንገድ» ብለን ስንተረጉም የመናገሩ ጎን ይወድቃል። እውነት ነው፤ ይወድቃል። ግን እኛም «ነገር» የሚል ቃል አለን። ነገር ማለት ዕቃም፣ ጉዳይም፣ ንግግርም፣ ክስም ነው። «ነገር አለኝ» የሚል ሰው እንደ ሁኔታው ሸቀጥ ይዞ ይሆናል፣ ወሬ ይዞ ይሆናል፣ ጠብ ይዞ ይሆናል። አድማጩ በቅጽበት ይለየዋል፤ ቃልንና ዕቃን አምታትቶ የኖረ አማርኛ ተናጋሪ የለም። እንዲያውም አንድ ቃል መንገድንም ንግግርንም እንዴት ሊይዝ ይችላል ለሚል ሰው «ነገር»ን አሳይቶ ማስረዳት ለእኛ ይቀልለናል።

መሣሪያውም በእጃችን ነው። የመጻሕፍት ጉባኤ መምህራን አንድ የግእዝ ቃል ሁለትና ሦስት ፍቺ ሲይዝባቸው ቃሉ አይተረጎምም ብለው መጽሐፉን አላጠፉም። «አንድም» እያሉ ፍቺውን ደረደሩት፤ ከዚያ የትኛው ለምሥጢሩ እንደሚስማማ ተከራከሩ። አንድምታ ማለት ይኸው ነው። ዳኦ በአንድምታ ሲፈታ፣ አንድም መንገድ ነው፣ አንድም መናገር ነው፣ አንድም ነገሮች ሁሉ የሚሄዱበት ሥርዓት ነው። አንባቢው ሦስቱንም ይዞ ይሄዳል። ቅኔ መምህሩም ተማሪውን ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ያስፈታዋል፤ ሲፈታ ውበቱ ይቀንስ ይሆናል፣ ሐሳቡ ግን ይገኛል። የውበት መቀነስንና የሐሳብ መጥፋትን አንድ አድርጎ ማየት ነው የወዳጄን ወገን ያሳሳተው።

ይህ ሁሉ ለምን ያንገበግበኛል? ቻይኖች ላይ የተፈረደው ፍርድ በእኛም ላይ ስለተፈረደ ነው። ሄግል ለቻይና እውነተኛ ፍልስፍና ነፈጋት። ዴሪዳ በ2001 ሻንጋይ ላይ ቻይና አስተሳሰብ እንጂ ፍልስፍና የላትም አለ፤ ስድብ አላሰበም፤ እንዲያውም ማክበሩ ነበር። ወደ እኛ ስንመጣ አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚለው መጽሐፉ የአማርኛን ድርብ አነጋገር በፍቅር ካጠና በኋላ፣ ለግልጽነት የቆመውን ዘመናዊ ኑሮ እንደሚያደናቅፍ ጻፈ። ዛሬ ደግሞ በየመድረኩ «እኛ ሰምና ወርቅ ነን፤ ፈረንጅ አይገባውም» የሚል ኩራት እንሰማለን። ኩራቱና ፍርዱ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። ሁለቱም የሚሉት አማርኛ ለምሥጢር እንጂ ለማስረጃ አልተፈጠረም ነው። አማርኛን ከክርክር ሜዳ በክብር ያስወጡታል። እኔ እንዲህ ያለውን ክብር አልፈልግም። ችሎት ቆመው በአማርኛ ነገር ሲበረብሩ፣ ምስክር ሲያፋጥጡ፣ ቃልን ከቃል ሲያጣሉ የኖሩት አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ታሪካችንም ይመሰክራል። በ16ኛው መቶ ዘመን አባ ሚካኤል «መጽሐፈ ፈላስፋ»ን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። በመጽሐፉ ውስጥ ሶቅራጥስም አርስቶትልም ይናገራሉ፤ ከግሪክ ተነስተው በዓረብ አገር አድረው ግእዝ ቤት ገቡ። የኢትዮጵያን የፍልስፍና መጻሕፍት በአምስት ጥራዝ ያጠናው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክሎድ ሰምነር እንዳሳየው የእኛ ተርጓሚዎች ቃል በቃል አይከተሉም፤ ይቀንሳሉ፣ ይጨምራሉ፣ ለአገራቸው ይስማማ ዘንድ ያርማሉ። አባ ሚካኤል «ግሥ አነሰኝ» ብሎ አልተቀመጠም። ያገኘውን ወሰደ፣ ያልተስማማውን ተወ፤ ያም መፍረድ ነው፣ መፍረድም ማሰብ ነው።

እንግዲህ እንዴት እናነጻጽር? ግሥን ከግሥ ጋር መደርደሩ ይብቃን። ሁለት አሳቢዎች አንድ ጥያቄ ላይ ሲገናኙ እንፈልግ፤ የሌላውን ልብ ማወቅ፣ ስምና ነገር መስማማታቸው፣ ሰው ባለመጣደፍ ይሠራ ይሆን የሚለው። ከዚያ ምክንያታቸውን በየተራ እንስማ። ማን ረታ? ማንስ ያላየው አለ? ልዩነት ሲገኝ መነሻውን ከዘመኑ ጦርነት፣ ከቤተ መንግሥቱ፣ ከመምህሩ፣ ከክርክሩ ራሱ እንፈልግ። ላኦዚና ዧንግዚ የተነበቡት መንግሥታት እርስ በርስ በሚፋጁበት ዘመን ነው፤ ንጉሥ ሆይ እጅህን ሰብስብ የሚል ምክር በዚያ ዘመን ለምን እንደተወደደ ለማወቅ ሰዋስው አያስፈልግም። ሰዋስው የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን።

ልመናዬን ለወጣቶቹ አቀርባለሁ። ቻይኖች የሠሩት ባቡር በ2016 እና በ2017 ተመርቆ አዲስ አበባንና ጅቡቲን ካገናኘ ወዲህ፣ ቻይንኛ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን በየሥራ ቦታው በዝተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቻይንኛ ያስተምራል። እዚሁ ጅቡቲ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ላይ የጭነት ወረቀት ሲተረጉሙ፣ መሐንዲስንና ሠራተኛን ሲያስማሙ አይቻቸዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ «አይተረጎምም» የሚባለውን ሲተረጉሙ ይውላሉ። ከእናንተ አንዳችሁ ዧንግዚን ከእንግሊዝኛ ሳይሆን ከራሱ ከቻይንኛው ወደ አማርኛ መልሱልን። በኅዳጉ አንድምታውን ጻፉ። የፍልስፍና መምህራንም ተማሪውን የትኛው ቋንቋ «መሆን» እንዳለው ከመጠየቃችሁ በፊት ድልድዩ ላይ ማን እንደረታ ጠይቁት። መልሱን በአማርኛ ይጻፍ፤ ይበቃዋል።